ከአምቦ እስከ ዋሽንግተን፦ የአየር ርቀትና የጉዞ ሰዓት

ከአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር አይለወጥም። የጉዞው ሰዓት ግን እንዲህ የረጋ አይደለም። ወደ አሜሪካ ሲኬድ 17 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው መንገድ፣ ሲመለሱ በ13 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ቲኬቱን ብቻ ለሚያነብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ መሄጃው 9 ሰዓት፣ መመለሻው 21 ሰዓት የሚፈጅ ይመስላል። ከምዕራብ ሸዋ ዞን ከተሞች፣ ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ ወይም ከባኮ ተነስቶ ልጁን ለመጠየቅ፣ ለትምህርት ወይም ለኑሮ ባሕር የሚሻገር ሰው በዚህ ቢደናገር አይፈረድበትም። አንዱ ርቀት ይህን ሁሉ የተለያየ ሰዓት የሚያወጣው በምድር ቅርጽ፣ በነፋስ፣ በቦሌ ከፍታ፣ በጎረቤት አገር ሁኔታ፣ በሰዓት አቆጣጠርና በአምቦ መንገድ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ርቀቱ። በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በምድር ገጽ ላይ ሊሰመር በሚችለው እጅግ አጭር መስመር ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ይህ መስመር በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ላይ በማስመሪያ ከሚሰመረው ጋር አይገጥምም። በካርታው ላይ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን ቀጥ አድርጎ ያገናኘ ሰው መስመሩ በሱዳንና በቻድ፣ ከዚያም በሰሃራ በረሃ አልፎ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሲሻገር ያያል። በዚያ መስመር ቢሄዱ ጉዞው 12,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሉል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ተወጥሮ ቢታይ ግን ክሩ ወደ ሰሜን ያፈነግጣል። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምዕራብ ወጥቶ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ላይ ያልፋል፤ ፖርቱጋልን ሊዝበን አካባቢ ለቆ ውቅያኖሱ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ እየታጠፈ አሜሪካ ይደርሳል። ጎባጣ የሚመስለው ይህ መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ያጥራል። ጉብጠቱ ያለው ካርታው ላይ እንጂ መሬቱ ላይ አይደለም።

ስሌቱ የሚፈልገው የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ነው። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፣ ከግሪኒች በስተምሥራቅ 38.8 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ደለስ 39 ዲግሪ አካባቢ ሰሜን፣ 77.5 ዲግሪ ያህል ምዕራብ ነው። ከመሐል ምድር በሁለቱ ነጥቦች መካከል የሚፈጠረው ማዕዘን 104 ዲግሪ ይሆናል። አንድ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ከምናምን ስለሆነ ማባዛቱ የሚታወቀውን ርቀት ይሰጣል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ተለዋውጦ ቢገኝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መለኪያው ነው የተለወጠው። 11,560 ኪሎ ሜትር በመሬት ማይል ሲቆጠር 7,180 ገደማ፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 6,240 ገደማ ነው። የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የመሬቱ 1.609 ነው። የተመላላሽ መንገደኞች ነጥብ የሚጠራቀመው በማይል ስለሆነ፣ ሁለቱን ያላስተዋለ ሰው ርቀቱ የተቀነሰበት ሊመስለው ይችላል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አምቦ ያላት ቦታ የሚገርም ነው። ከተማዋ ከቦሌ ጋር በአንድ ኬክሮስ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ከቦሌ መንደርደሪያ ተነስቶ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል ወደ ምዕራብ የሚሄድ መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ እንዳለ አምቦ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ የአምቦ ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ወደ ዋሽንግተን ያለውን ርቀት ቢያሰላ፣ ቦሌ ካለው ሰው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርበዋል። ጉዞውን የሚጀምረው ግን ከመድረሻው እየራቀ፣ ወደ ምሥራቅ በመሄድ ነው። በአምቦም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች መደበኛ የመንገደኛ በረራ ስለሌለ ሌላ አማራጭ የለውም።

በአምቦ ሰማይ ላይ ወደ ምዕራብ ሲያልፍ የሚታየው አውሮፕላንም፣ አሜሪካ በምዕራብ ናት ተብሎ ስለሚታሰብ ብቻ፣ ወደዚያ የሚሄድ ነው ማለት አይደለም። ከቦሌ ተነስቶ አቅጣጫው ቀጥታ ምዕራብ የሆነው የሌጎስ መስመር ነው። የ3,900 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ በአጭሩ መንገድ ቢበረር አምቦን የሚያልፋት በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ልዩነት ነው። ለዋሽንግተን የሚነሳው አውሮፕላን አጭሩን መስመር ቢይዝ ግን የሚያቋርጠው የዞኑን ሰሜናዊ ጫፍ ነው፤ ከሜታ ሮቢና ከጊንደ በረት ብዙም ሳይርቅ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ጎጃም ይገባል።

«ቢይዝ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፕላን አጭሩን መስመር እንዳለ የሚከተለው አልፎ አልፎ ነው። በሰማይ ላይ የተወሰኑ መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱ አገር በአየር ክልሉ ላይ ሥልጣን አለው፤ ለማለፍም ፈቃድና ክፍያ ይጠይቃል። ከኢትዮጵያ ወደ ሰሜንና ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚደረገው በረራ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲቀሰቀስ የሱዳን የአየር ክልል ለሲቪል በረራዎች ተዘጋ። በአህጉሩ ካሉት ትልልቅ የአየር ክልሎች አንዱ በአንድ ቀን ከመስመር ሲወጣ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚበሩ አውሮፕላኖች ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ማፈንገጥ ግድ ሆነባቸው። የሊቢያ ሰማይም ካለው አለመረጋጋት የተነሳ ብዙ አየር መንገዶች ለዓመታት ሲሸሹት የቆየ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ርቀት አልተለወጠም፤ የሚበረረው ግን ረዝሟል፤ ነዳጁም ሰዓቱም አብረው ጨምረዋል።

ሰዓቱን ለማስላት ፍጥነት ያስፈልጋል። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 የመሳሰሉት ዘመናዊ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ፤ ይህም በዚያ ከፍታ ካለው የድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ ገደማ ነው። 11,560ን ለ900 ማካፈል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሰጣል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ለሚደረገው ቀጥታ በረራ ይህ ስሌት ከእውነታው ብዙም አይርቅም። ነገር ግን አየር መንገዶች በሰሌዳ ላይ የሚያወጡት ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ነቅሎ ከሄደበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ወደ መንደርደሪያው መንዳት፣ ተራ መጠበቅ፣ መውጣት፣ መውረድ፣ ማረፍ ሁሉ በውስጡ አሉ።

ስለዚህ በረራው ባጠረ ቁጥር አማካይ ፍጥነቱ ይወርዳል። ጅማ ከአዲስ አበባ በአየር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ሰሌዳው ለጉዞው ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይይዝለታል። በዚህ ስሌት አማካዩ ፍጥነት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሌላ በኩል ከዋሽንግተን ሳይቆም የሚመለሰው በረራ አማካይ ከ850 በላይ ነው። ለረጅም በረራ ግምት የሚሆን ቀላል ዘዴ አለ፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ለ850 ማካፈልና ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው። ነፋሱ ግን በዚህ ውስጥ አልገባም።

ነፋስ ደግሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሱ ጠባብና ኃይለኛ የአየር ወንዞች አሉ። ፍጥነታቸው በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ በክረምታቸው፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም ያልፋል። ከአሜሪካ የሚመጣውን አውሮፕላን ከኋላው ይገፉታል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይጋፈጡታል። የበረራ ዕቅድ አውጪዎች በየቀኑ የነፋሱን ትንበያ አይተው መንገዱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያንቀሳቅሱታል። በኪሎ ሜትር የረዘመው መንገድ በሰዓት የሚያጥርበት ቀን ጥቂት አይደለም።

ይሁንና በ17 እና በ13 ሰዓት መካከል ያለው የአራት ሰዓት ልዩነት በነፋስ ብቻ አይመጣም። ሌላውን ትልቅ ድርሻ የያዘው ቦሌ ራሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይሳሳል፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ። ሳሳ ያለ አየር አውሮፕላንን በሁለት መንገድ ይጎዳዋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ መሬት ላይ ከተለመደው በላይ መፍጠን አለበት። የሚፈለገው ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ ሲጨምርና የሞተሩ ግፊት ሲቀንስ የሚያስፈልገው መንደርደሪያ እጅግ ይረዝማል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ በዓለም ደረጃ አጭር የሚባል አይደለም፤ ለዚህ ከፍታ ግን ትርፍ የለውም። መፍትሔው ክብደት መቀነስ ነው። መንገደኛውና ሻንጣው ስለማይቀነስ ከነዳጁ ይቀነሳል።

ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ይጠጣል። ወደ ዋሽንግተን ነፋስን ተጋፍጦ በቀጥታ ለመሄድ ከ70 ቶን በላይ ይዞ መነሳት ይኖርበታል። አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛ አሳፍሮ ይህን ሁሉ ነዳጅ ከቦሌ ይዞ መነሳት ስለማይመቸው፣ ለጉዞው ግማሽ የሚበቃውን ብቻ ቀድቶ ተነስቶ መንገድ ላይ ይሞላል። ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በየጊዜው በሮም፣ በደብሊንና በሎሜ በኩል ያለፉት ለዚህ ነው። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ በማይሞላ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ሲመለስ ያው አውሮፕላን ታንኩን ሞልቶ ሳይቆም አዲስ አበባ ይገባል። መንገደኞች አንዳንዴ «አውሮፕላኑ አይችልም ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁ ይሰማሉ። አውሮፕላኑ ይችላል፤ የማይፈቅደው የመነሻው ከፍታ ነው።

ለመቆሚያ የሚመረጠው ቦታ በርቀቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ካርታ ላይ ከሚገመተው የተለየ ነው። ደብሊን ከአጭሩ መስመር 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቃ ያለች ከተማ ናት። ሆኖም ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,370፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ድምሩ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የ20 ደቂቃ በረራ እንኳ አይሞላም። በሎሜ በኩል ሲሆን ግን 4,150 እና 8,600 ተደምሮ ወደ 12,750 ይደርሳል፤ ብልጫው 1,190 ኪሎ ሜትር ነው። ከመታጠፉ ይበልጥ ጊዜ የሚበላው መቆሙ ነው። መውረድ፣ ነዳጅ መቅዳት፣ አንዳንዴም የበረራ ሠራተኛ መቀየርና እንደገና መነሳት ሲደመር አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

የናይሮቢ ጉዳይ የከፍታውን ነገር ግልጽ ያደርገዋል። ከናይሮቢ ኒው ዮርክ ያለው ርቀት 11,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ካለው ይበልጣል። የኬንያ አየር መንገድ ግን ከጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቦይንግ 787 ሳይቆም ይበረዋል፤ በ15 ሰዓት ገደማ። የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ 1,620 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከቦሌ በ700 ሜትር ዝቅ ይላል። በዓለም ረጅሙ መደበኛ በረራ፣ ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ የሚደረገውና ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው፣ የሚነሳው ከባሕር ጠረፍ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚህ ችግር ጋር የሚተዋወቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተነሳው ከአዲስ አበባው የልደታ አውሮፕላን ሜዳ ነበር። ያኔ የሚበረው ሲ-47 በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሄድም ነበርና 2,470 ኪሎ ሜትሩ የካይሮ ጉዞ የቀን ሥራ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ሲመጡ ልደታ አልበቃም፤ ለጄት የሚሆን ረጅም መንደርደሪያ ያለው ቦሌ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ አየር መንገዱ ረጅም ርቀት የሚበሩ አዳዲስ አውሮፕላኖችን ከአፍሪካ ቀድሞ ሲገዛ መኖሩ ከዚሁ ከፍታ ጋር ይያያዛል። ቦይንግ 777-200ኤልአር በ2003፣ ድሪምላይነር በ2004፣ ኤ350 በ2008 ዓ.ም. ሲገቡ ለአህጉሩ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ከከፍተኛ ቦታ ጭኖ መነሳት ለሚፈልግ፣ ቀላል አካልና ጠንካራ ሞተር ያለው አውሮፕላን ጌጥ አይደለም።

አሁን ወደ ቲኬቱ። አንድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ 22:30 ተነስቶ ዋሽንግተን በማግሥቱ 07:30 ይገባል ቢባል፣ ቀንሶ 9 ሰዓት ያገኛል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ግን በመነሻው የመነሻው፣ በመድረሻው የመድረሻው አገር ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከዋሽንግተን በእነሱ ክረምት 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች፤ አሜሪካኖች በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ወደኋላ ስለሚያዞሩ ነው። በ9ኙ ላይ 8 ሲጨመር እውነተኛው 17 ይወጣል። ሲመለስ ከዋሽንግተን 11:00 ተነስቶ በማግሥቱ 08:00 አዲስ አበባ ቢደርስ፣ ከ21 ላይ 8 ተቀንሶ 13 ይቀራል።

በኢትዮጵያ በዚህ ላይ ሌላ ሂሳብ ይጨመርበታል። ቲኬቱ 22:30 የሚለው በአገሩ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ 08:00 ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ስድስት ሰዓት መቀነስን ሁሉም ለምዶታል። አደጋው ያለው በቀኑ ላይ ነው። ቲኬት ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በአገሬው ልማድ ግን ሌሊቱ የዋለው ቀን ተከታይ ነው። ማክሰኞ 00:45 የሚል ቲኬት የያዘ ሰው መንገድ የሚገባው ሰኞ ማታ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ማክሰኞ ማታ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ይሆናል። በዚያ ላይ የወሩ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ልጆች ለወላጆቻቸው ቲኬት ቆርጠው ሲልኩ «በእኛ ስንት ነው፣ በየትኛው ሌሊት ነው» የሚለውን በስልክ አስረግጦ መናገር ርቀቱን ከማወቅ ይልቅ ይጠቅማል።

ከአምቦ አዲስ አበባ ያለው መንገድ እንደ መለኪያው መነሻ ከ110 እስከ 125 ኪሎ ሜትር ይባላል። ከአጠቃላዩ ጉዞ አንድ መቶኛ ያህል ነው። የሚወስደው ጊዜ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሚኒባሱ ወይም አውቶቡሱ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አልፎ ቡራዩ እስኪገባ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የክረምት ዝናብና የጭነት መኪና ሲበዛ ከዚያም ይዘገያል። አስኮ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ከከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ ወደ ምሥራቃዊው ጫፍ መሻገር አለ። በሥራ መውጫ ሰዓት ይህ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ሊበላ ይችላል። ለዓለም አቀፍ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ይመከራል። በረራው 17፣ በመድረሻው የኢሚግሬሽን ሰልፍና ሻንጣ መጠበቅ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ ከአምቦ ቤት እስከ ደለስ በር ድምሩ ወደ 26 ሰዓት ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የሚያልፈው 15 ሰዓት ገደማ ነው። የቀረው 11 ሰዓት መሬት ላይ ያልቃል።

ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ብዙዎቹ በረራዎች በሌሊት ይነሳሉ። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ለሞተር ቢጠቅምም ለአምቦ መንገደኛ አይመችም፤ በጨለማ የሕዝብ ማመላለሻ ስለማይገኝ ጠዋት ወጥቶ ቀኑን አዲስ አበባ መዋል ግድ ነው። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከባኮ ወይም ከጌዶ የሚነሳው ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ ዘመድ ቤት ያድራል። መንገዱ በሆነ ምክንያት ሊዘጋ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ሁለት ቀን ቢቀድምም አይነቀፍም። ሸኚውም አለ። እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ሳይቀር በተኮናተረ ሚኒባስ አብሮ መጥቶ ከተርሚናሉ ውጭ ይሰናበታል፤ ይህን የሽኝት ሰዓት የትኛውም የበረራ ስሌት አይቆጥረውም፤ ቤተሰቡ ግን ከጉዞው ዋና ክፍል ይቆጥረዋል።

መድረሻው ከዋሽንግተን አልፎ ሲሄድ ስሌቱ ይቀየራል። ብዙ የኦሮሞ ተወላጆች የሚኖሩባት፣ ከምዕራብ ሸዋም በርካቶች የሄዱባት ሚኒያፖሊስ ከአዲስ አበባ በአጭሩ መስመር 12,340 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቀጥታ በረራ የላትም። በዋሽንግተን በኩል ሲኬድ 13,000 ይሆናል፤ በፍራንክፈርት በኩል ቢሆን ደግሞ 12,400 አካባቢ፣ ከአጭሩ መስመር ጋር የሚመሳሰል ነው። በዱባይ በኩል ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ግን መጀመሪያ 2,500 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ በርሮ ስለሚመለስ በድምሩ 13,870 ያህል ይበራል፤ ከቀጥታው በ2,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዋጋው ረከስ ሲል ይህንኑ የሚመርጥ ብዙ ነው፤ አያስወቅስም። ቲኬት ሲነጻጸር መታየት ያለበት ግን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ በትራንዚት የሚጠበቀው ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓትም አሥራ አራት ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ በመጀመሪያ በሚያርፍበት ከተማ ኢሚግሬሽን አልፎ ሻንጣውን ተቀብሎ እንደገና ስለሚያስረክብ፣ ለሚቀጥለው በረራ የተተወው ጊዜ ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነ ያስጨንቃል፤ በተለይ እንግሊዝኛ ለማይችሉ አባትና እናት።

ከዚያው ከአምቦ መስመር በየዕለቱ የሚበር ሌላ መንገደኛም አለ፤ ጽጌረዳ። በሆለታና በአዲስ ዓለም አካባቢ ባሉ እርሻዎች የተቆረጠ አበባ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርስና በጭነት አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። የቤልጂግ ከተማ ሊዬዥ ከአዲስ አበባ 5,550 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ትርቃለች። ለአበባው በረራው ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያረጀው ከእርሻው በር እስከ አውሮፕላኑ ሆድ ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያ መሀል ከቅዝቃዜ ከወጣ፣ በሰባት ሰዓት አውሮፓ መድረሱ አያድነውም። የአበባ ገበሬዎች እርሻቸውን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ብዙ የማያርቁት ስለዚህ ነው።

የቦሌ ከፍታ ያመጣውን ችግር ለማቃለል የታሰበው ትልቁ ሥራ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ የሚገነባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። በአየሩ ውፍረትና በመንደርደሪያው ርዝመት የሚገኘው ጥቅም ከቦሌ ሊነሳ ከሚችለው በላይ ነዳጅና ጭነት ለመያዝ ያስችላል፤ መንገድ ላይ የሚቆሙት በረራዎች ቁጥርም በዚያው ልክ ሊቀንስ ይችላል። ለምዕራብ ሸዋ መንገደኛ ይህ በአየር ላይ የሚያተርፈውን ያህል በመሬት ላይ ያስወጣዋል። ከአስኮ ተነስቶ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ በቦሌ በኩል አልፎ፣ የአዳማን አቅጣጫ ይዞ ተጨማሪ 40 ኪሎ ሜትር መሄድ ይኖርበታል።